ስድስት ሰዓት ይቀርሻል

ፆታሽን አላውቅም፤ «አንቺ» ብዬ ልጀምር፤
ካልሆነም ይቅር በለኝ፣ ስትመጣ እንነጋገር።

ዛሬ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ጠራንና
(«ጠራን» እላለሁ፤ ብቻዬን መግባት ከተውኩ ሰነበትኩና)
የፈቃድ ማመልከቻዬን በጣቱ እየነካ፣
«ሂንዲያ» አለኝ፣ «ሥልጠናሽ አላለቀም ለካ!
ከስድሳው ሰዓት ሃምሳ አራቱን ሞልተሻል፤
እንኳን ደስ ያለሽ፤ ግን ስድስት ሰዓት ይቀርሻል።
የሐሙሱም ስብሰባ አለ፣ ቃለ ጉባኤ ያዥዋ አንቺ ነሽ፤
እሱን ጨርሰሽ ውለጂ፤ ማርያም ትቅረብሽ።»
አሚን አልኩ።

መጥፎ ሰው አይደለም አቶ ውብሸት፣ እመኚኝ፤
ወንበር ስቦ ነው «ተቀመጪ» ያለኝ።
ማራገቢያውን እንኳን አዞረልኝ ወደ ሆዴ፤
«መመሪያ ነው» አለ፣ «አይደለም በፈቃዴ።»
ፈቃድ የሚሉት ቃል፣ ልጄ፣ እዚህ ቤት
እንዲህ ነው፤ ሁሉም ይጠራዋል፣ የማንም አይደል በእውነት።

ስድስት ሰዓት!
ድሬዳዋ ላይ ስድስት ሰዓት ምን እንደሆነ ገና አታውቂም፦
ጥላ ከእግር ሥር ገብቶ የሚተኛበት፣
የከዚራ ዛፎች ትንፋሻቸውን የሚይዙበት፣
የደቻቱ አሸዋ ሳንቲም የሚያግልበት፣
ባጃጅ ተሳፋሪ ትቶ ዛፍ የሚፈልግበት።
እሱን ስድስት ጊዜ ደራርበሽ አስቢው፤
እግሬ ካበጠ ወዲህ ጫማዬ የአባትሽ ነው።

ሄድን። ሳቢያን፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ደረጃው አርባ ሁለት
(ቆጠርኩት፤ ሃያኛው ላይ ተቀምጬበት)።
«እዚህ ከወለድሽው» አለችኝ ሙና ሹክ ብላ፣
«አበሉ የሁለት ሰው ነው፤ አደራ፣ እንዳይበላ!»
አሰልጣኙ ትልቁን ወረቀት ገልጦ
በአረንጓዴ ማርከር ጻፈ፣ ቃልን ከቃል አበላልጦ፦
«ተማሪን ያማከለ የማስተማር ሥነ ዘዴ»።
መሃሌ ያለሽው አንቺ፣ ረገጥሽኝ አንዴ።

እውነቱን ልንገርሽ፦ ያን ሁሉ ሰዓት
ከእኔ ጋር ተቀምጠሻል፤ አላረፈድሽም አንድም ዕለት።
ስለ ተከታታይ ምዘና ሰምተሻል፣ ስለ ትምህርት ዕቅድ፣
ስለ ጊዜ አጠቃቀም (የዚያን ቀን አሰልጣኙ ሁለት ሰዓት ቆየ በመንገድ)።
ስምሽ ግን ዝርዝሩ ላይ የለም፤ ፊርማሽም የለም፤
ምስክር ወረቀት የሚሰጥሽ የለም።
ስለዚህ ሐሙስ፣ «የተገኙ አባላት» ከሚለው ሥር፣
አሥራ ዘጠኝ ሆነን ሳለ ሃያ ብዬ ጻፍኩ፤ ማን ሊቆጥር?

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው።
ሦስተኛ «ለ» ውስጥ አብዲ ረሺድ የሚባል ልጅ አለ።
ከ«ሀ» ተነስቶ ይሮጣል፤ «በ» ላይ ሲደርስ ይቆማል።
ጎርፍ የገባ ሌሊት ደብተሩ እዚያ ገጽ ላይ ቀርቷል።
የ«ቤት» ፊደል ናት።
እኔ ሳልፈው ነው የምጠብቀው፤ ሌላው ይቸኩላል።

የርክክቡን ቅጽ ሞላሁ። ተማሪ፦ ስድሳ ሦስት። መጽሐፍ፦ ሠላሳ።
ጠመኔ፦ ሁለት ፓኮ። ማጥፊያ፦ አንድ፣ እሱም የሳሳ።
ተተኪዬን አላውቅም፤ ለአብዲ ረሺድ ሳጥን የለም።
ከግርጌው፣ «አስተያየት» ከሚለው ባዶ መስመር፣
«በ ላይ ሲቆም አትቆጡት» አልኩ፤ «ጠብቁት፣ ይሻገር።»

ከዚያ ፈረምኩ። ስድሳ ሞላ።
እስክሪብቶው ቀለም ነጠፈበት፤ ፊርማዬ ግማሹ ጥላ።
«መልካም ዕረፍት!» አለ አቶ ውብሸት፣ ማኅተሙን መትቶ።
ዕረፍት! ሙና ናት የሳቀችው፤
ሦስት ወልዳለችና ዕረፍቱን እሷ ናት የምታውቀው።

አሁን ባጃጅ ውስጥ ነን። ከደንገጎ በኩል ነፋስ ወረደ።
እጄን ሆዴ ላይ አደረግሁ፤
አንድ ነገር ብቻ ልነግርሽ ፈለግሁ፦
ስትመጪ ሰዓት አትቁጠሪ፤ ቀትርም ይሁን ሌሊት፣
መዝገብ ይዞ በሩ ላይ የቆመ አታገኚም አንድ ፍጥረት።
ሳትፈርሚ ግቢ።

(ካልሆነም ይቅር በለኝ፤
ሳትፈርም ግባ።)